ያልፈላው የቡሬ ወተት

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የኦቦ ያደታን ላም የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ማታ በአሶሳ አውቶቡስ የገባ እንግዳ መሆን አለበት፤ እሱም ቢሆን ቁርሱን ሳይጨርስ ይነገረዋል። ያደታ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ የተደረደረው የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚወራው ግን ስለ ቡሬ ነው። ቡሬ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ክልስ ላም ናት፤ ከቤቱ ጓሮ የቆርቆሮ በረት ተሠርቶላት ትኖራለች። ያደታ እንደሚለው ከሆነ ስትታለብ የወተቱ ድምፅ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ዝናብ የመጣ መስሏቸው የጎን ሸራቸውን ያወርዳሉ። አረፋው ላይ የመኪና ቁልፍ ቢያስቀምጡበት አይሰምጥም። አንድ የጊምቢ ከብት ነጋዴ ደግሞ በረቱን ሲያይ ቆቡን አውልቆ እጅ ነስቷታል፤ ለላሟ እንጂ ለያደታ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚያወራው በባዶ እጁ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሰለቸው ነበር። ያደታ ግን ከወሬው ጋር ወተቱን ያመጣል። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ትኩሱ ወተት ከላሟ ሥር ተነሥቶ በእጁ ይገባል። ለአራስ ይላካል፣ ለታመመ ይላካል፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቄስ ጨመዳ ጎራ ሲሉ ይቀዳላቸዋል። ታዲያ አንድ ሕግ አለው፤ የቡሬ ወተት እሳት አይነካውም። ወተት የሚያፈላ ሰው ላሙን የማያምን ሰው ነው ባይ ነው።

ይህንን ሕግ የጣሰች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ምራቱ ወለላ። ወለላ የልጁ የኢቢሳ ሚስት ናት። ኢቢሳ የጊምቢ መስመር ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይውላል፤ እሷና ትንሿ ልጃቸው ናኦሚ ከያደታና ከሚስቱ ከቀለሟ ጋር ባንድ ግቢ ይኖራሉ። የወለላ አባት አስማረ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ገበሬዎች አንዱ ነው፤ አሁን ጉቴ ከተማ ዳር ቤት ሠርቶ ተቀምጧል።

አንድ እሁድ ቄስ ጨመዳና ጎረቤቶች ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ከማድ ቤት የሚፈላ ወተት ሸተተ። ያደታ ተነሥቶ ሄደ። ወለላ ትንሿን ብረት ድስት ምድጃ ላይ ጥዳ በማንኪያ ታማስላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ለናኦሚ ላፈላላት ብዬ ነው አባባ። ጤና ጣቢያ ሲያስተምሩን፣ ጥሬ ወተት ለልጅ...»

«ጤና ጣቢያ ቡሬን ያውቃታል? መታወቂያዋን አይቷል?»

ሳሎን ውስጥ ሳቅ ሆነ። ሳቅ ለያደታ ቤንዚን ነው። «ተዋት እንግዲህ፤ እነሱ አገር ድርቅ እንጂ ላም መች ታይቶ ያውቃል። ወተት ሲባል ሾርባ መስሏት ነው» አለ።

ሳቁ ጣራውን ነካ። ወለላ እሳቱን አጠፋች። ድስቱን አውርዳ በጨርቅ ያዘችውና ቆመች። ከዚያን ቀን ወዲህ ናኦሚን ወተት የሚያጠጣት አያቷ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት በረቱ ደጃፍ አስቀምጦ ኩባያውን በገዛ እጁ ይዞ። ልጅቷ አፏ ዙሪያ ነጭ ጺም ይዛ ስትስቅ ከወለጋ ምድር ከእሱ የበለጠ ሀብታም አልነበረም።

ከዓመት በኋላ ናኦሚ መንጋጭላዋ ሥር እብጠት ወጣባት። ጥርስ ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ፤ እብጠቱ አልሰማም፣ አደገ። ሆስፒታል ወስደዋት ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ አስመረመረና የእጢ ቲቢ ነው አለ። መድኃኒት ተጀመረ።

ያደታ ምክንያቱን ለማግኘት የወሰደበት ጊዜ ከሆስፒታሉ በር እስከ ባጃጁ ድረስ ያለው ርቀት ብቻ ነበር። የወለላ ወንድም ሠርፀ ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዞት ታክሞ ድኗል። በቃ። «ማሽን ምን ያደርጋል፣ እኔ ነገርኳችሁ እኮ። ይህ ነገር ከዚያ ቤት ነው የመጣው» አለ። መጀመሪያ ለቀለሟ ተናገረ፤ ቀጥሎ ሱቅ ለመጣው ሁሉ ተናገረ፤ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው ከአምልኮ ወጥቶ ሰላም በሚባባልበት ዛፍ ሥር ቆሞ ተናገረ። በተናገረበት ቦታ ሁሉ ነገሩ እየወፈረ ሄደ። አንዱ ሠርፀ መላው ቤተሰብ ሆነ፤ ቤተሰቡ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ ሆነ፤ በመጨረሻ ጉቴ ላይ ሲያስሉ ነቀምቴ መስኮት ይንቀጠቀጣል ተባለ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የወለላ ኩባያ ተለየ። ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፤ እንዳይሳሳቱ ቀለሟ በያደታ ትእዛዝ እጀታው ላይ ጥቁር ክር አሰረችበት።

አስማረ የልጅ ልጁን ሊጠይቅ ከጉቴ የበቆሎ እሸት ተሸክሞ መጣ። ሳሎን ግባ አልተባለም፤ በረንዳ ላይ ወንበር ወጣለት። ውሃ ጠየቀ። በቢጫው ኩባያ መጣለት። ሰውዬው ክሩን አየ፣ በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው፣ ከዚያ ውሃውን አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጠጣ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ኩባያውን መሬት ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ወለልዬ፣ ልብስሽን ሰብስቢ» አላት። እሷም ናኦሚን አዝላ አብራው ወጣች። ኢቢሳ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን ወደ ጉቴ አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ አዳሩ እዚያው ሆነ።

ያደታ አልተበገረም። ይልቁንም ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሚሠራውን ሌንጮን ያዘው። ሌንጮ በእሱ ግቢ አጥር እየዘለለ፣ የቡሬን ወተት እየጠጣ ያደገ የሰፈሩ ልጅ ነው። የናኦሚ እብጠት በመድኃኒቱ እንደታሰበው ባለመጉደሉ፣ ሐኪሞቹ ናሙናውን አዲስ አበባ ልከው ባክቴሪያው እንዲያድግና በደንብ እንዲለይ አዘው ነበር። ያደታ ይህንን ሲሰማ ደስ አለው። «በደንብ ለዩት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ስሙን ጥሩልኝ» አለው ሌንጮን። ውጤቱን እየጠበቀ ሳለ ለሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሳይንቲስቶች በእሱ ጥያቄ እንቅልፍ አጥተዋል ብሎ አወራ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሌንጮ ደወለለት። ያደታ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄደ።

ሌንጮ ከላቦራቶሪው ጀርባ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰደው። «ተቀመጥ አባ ኢቢሳ» አለው፣ በልጁ ስም እየጠራ።

«ቆሜ ልስማው። ከሠርፀ ነው አይደል?»

«ተቀመጥ፣ ማሎ፣ እባክህ።»

ተቀመጠ።

«የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም» አለ ሌንጮ። «ሁለት ወንድማማቾች አሉ በል። በማይክሮስኮፕ ብታያቸው ሁለቱም ቀያይ ቀጫጭን ዘንግ ናቸው፤ እኔ ራሴ ባይ አልለያቸውም። የኛም ማሽን ሁለቱንም ቲቢ ብሎ ነው የሚያልፋቸው። የሚለዩት ሲያድጉ ነው። አንደኛው ከዕንቁላል የተሠራ ምግቡ ላይ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ እየተቆለለ ያድጋል። ሌላው ቀርፋፋ ነው፣ ሳስቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዘራቸውንም በሌላ ምርመራ አመሳክረዋል።»

«እሺ። የኛዋስ?»

«ፍርፋሪው ከሰው ወደ ሰው በሳል የሚሄደው ነው። ሠርፀን ይዞት የነበረው እሱ ይሆናል። የናኦሚ ግን ጠፍጣፋው ነው።» ሌንጮ መሬት መሬት አየ። «እሱ የከብት ነው አባ ኢቢሳ። ሰው ላይ የሚመጣው ባብዛኛው በጥሬ ወተት ነው። አንገት እጢ ላይ መውጣቱም ልማዱ ነው።»

ያደታ አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ድሮ የሚያወጣው ዓይነት አልነበረም። «ቡሬ እኮ... ቡሬ አስላ አታውቅም» አለ።

«ላም ሳትስል፣ ሳትከሳ ዓመታት ይዛው ትኖራለች።»

«ልጅቷስ?»

«ትድናለች። ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ግን ይሄኛውን ዓይነት አይነካውም፤ ስለዚህ የሕክምናው ጊዜ ይረዝማል። ባይለይ ኖሮ ቶሎ ይቋረጥባት ነበር።» ቀና ብሎ ጨመረ። «እኔም ውጤቱን እንዳየሁ ተመርምሬያለሁ። ያን ሁሉ ወተት ጠጥቼ የለ። ደህና ነኝ። ሌሎቹም የጠጡት መመርመር አለባቸው፤ ማን ማን እንደሆኑ የምታውቀው አንተ ነህ።»

«ማን ሰምቷል?»

«ለኢቢሳ ነግሬዋለሁ፤ አባት ነው። ሰፈር ውስጥ የማወራው ግን እኔ አይደለሁም።»

ያደታ ወደ ቤቱ በእግሩ ተመለሰ። መንገዱ ላይ ሰላም ያላለው ሰው፣ ስለ ውጤቱም ያልጠየቀው ሰው አልነበረም፤ አስወርቶ አስወርቶ ከተማውን ሁሉ ለራሱ ውርደት ቀጥሮታል። «ኦቦ ያደታ፣ ውጤቱ መጣ?» ይሉታል። «ገና ነው» ይላል። በዕድሜው ሙሉ ከተናገራቸው ውሸቶች ሁሉ ይህችን የምታክል ትንሽ ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚህችም ጉሮሮውን የቧጨረችው የለችም።

የእንስሳት ሐኪሟ ማሂ መጥታ ቡሬን አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ፀጉሯን ላጭታ በመርፌ ወጋቻት፤ አንዱ ለማነጻጸሪያ የገባ የወፍ ቲቢ መለያ ነው፣ አንዱ የከብት። ከቀናት በኋላ ተመልሳ በመለኪያ ስትለካ የወፉ ቦታ ጭራሽ አልተነካም፤ የከብቱ ቦታ አብጧል። ያደታ እብጠቱን በእጁ ዳሰሰው። ጠንከር ያለ ነው፣ ክብ ነው። የናኦሚን አንገት የነካ ቀን ጣቱ ሥር የነበረው እንደዚሁ ነበር። ቡሬ እሱን ስታይ እጁን ላሰችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ፤ ከላም ፊት ማፈር እንዳለ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ጉቴ ሄደ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ ስለ መኖ መወደድ ሲያነሣ፣ የያደታ አፍ በልማዱ ተከፈተ። «እኔ ላም አለችኝ...» አለ። ገበሬው ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀው። ያደታ መስኮቱን እያየ እስከ ጉቴ ዝም አለ። ገበሬው ላሟ የሞተችበት መስሎት ነፍስ ይማር ሊለው ምንም አልቀረውም።

አስማረ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለው። ፊቱ አልተፈታም፤ ግን ሳሎን አስገባው፣ ወንበር ሳበለት። «ደከመዎት፣ ፀሐዩ ከረር ብሏል» አለና በጣሳ ውሃ ቀዳ። መጀመሪያ ራሱ ተጎነጨለት፣ ቀጥሎ ለያደታ አቀበለው። ያደታ ጣሳውን ይዞ ሳያውቀው አዟዟረው። እጀታው ላይ ክር ፈለገ። የለበትም።

ወለላ ከጓዳ ወጣች። ናኦሚ ተኝታለች አለች። ሄዳ ግን አልቀሰቀሰቻትም።

ያደታ በመንገድ ሁሉ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ከቄስ ጨመዳ የእሁድ ስብከት የማያንስ ረጅም ንግግር። አንድም ቃል አልመጣለትም። «በደልኩሽ» አለ ብቻ።

«ሰምቻለሁ አባባ። ኢቢሳ ነግሮኛል» አለች ወለላ።

«ተመለሺ። ኩባያውን ሰብሬዋለሁ።»

«ኩባያው ምን አደረገ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስቡ ነበር። ጎረቤታችን ፌኔት፣ አብረን ስቀን ተረዳድተን የኖርን፣ ሰላም ስላት በሩቁ ነው የመለሰችልኝ። ኩባያው አይደለም ይህን የነገራቸው።»

አስማረ ጣሳውን ከያደታ እጅ ተቀበለ።

«እዚህ ቤት ለእኛ የሚነገር ነገር የለም» አለች ወለላ። «የተናገሩበት ቦታ ሄደው ይናገሩት። እዚያው ዛፍ ሥር፣ እሁድ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። እንዳለ ይናገሩት ግን፣ ሳይጨምሩ። ከዚያ በኋላ እመጣለሁ።»

ያደታን ከሁሉም በላይ ያስፈራችው «ሳይጨምሩ» የምትለዋ ነበረች።

እሁድ ሆነ። ሰው ከአምልኮ ወጥቶ ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ያደታ ኮቱን አልለበሰም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አንዴ ስሙኝ» አለ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ቀረበ፤ የያደታ ወሬ ከመዝሙር ቀጥሎ የሚጠበቅ ነገር ነው።

«ልጄን ናኦሚን ያሳመማት ከወለላ ቤት የመጣ በሽታ አይደለም። የኔ ላም ናት። ቡሬ ናት።»

ከዚያ ግቢው በሳቅ ተናጠ።

«ዱጋዳ?» አለ ሽብሩ፣ ልብስ ሰፊውና የሰፈሩ ተረበኛ። «እውነት ነው? ሰው ላሙን በወተት አንደኛ ያወጣል፤ አንተ በበሽታም አንደኛ ልታወጣት ነው?»

«አይ ያደታ፣ ከአሶሳ እስከ ነቀምቴ ሆስፒታል ሊሞላ ነው በላ» አለ ሌላው።

ቄስ ጨመዳ እንኳ አፋቸውን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ከለል አድርገው ይስቃሉ። ያደታ ቆሞ ጠበቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሲዘራ የኖረው ያ ሁሉ ግነት ዛሬ እህል ሆኖ አፉ ውስጥ ተወቃበት፤ እውነቱን እንደ እውነት የሚያስመስልበት አንዲት ቃል አልቀረችለትም። ሊሸሽ ይችል ነበር። አብሯቸው ስቆ ሊያልፈውም ይችል ነበር። ተናግሬአለሁ፣ አላመኑኝም ብሎ ለወለላ መመለስም ይቻል ነበር።

«ፌኔት» አለ።

ፌኔት ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ ቆማ ነበር።

«ስትወልጂ ጠዋት ጠዋት የላኩልሽ ወተት ጥሬ ነበር። ቄስ ጨመዳ፣ እርስዎም እየመጡ ጠጥተዋል። ሽብሩ፣ አንተን ሳንባ ምች ይዞህ የተኛህ ጊዜ አጠጥቼሃለሁ። ሆስፒታል ሄዳችሁ ተመርመሩ። ሌንጮ ያውቃል።»

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ። ፌኔት ሕፃኗን ወደ ደረቷ አጠበቀችው።

«ሁለቱ ባክቴሪያዎች ይመሳሰላሉ፤ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ነው የተለየው» አለ ያደታ። «የሰው ነው ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የከብት ሆኖ ተገኘ። ወለላ ወተቱን ልታፈላ ነበር። ድርቅ እንጂ ላም አታውቁም ብዬ ሰደብኳት።» ፊት ለፊቱ የቆሙትን አንድ በአንድ አየ። «ያን ቀን ስቃችኋል።»

ቄስ ጨመዳ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰማው ሳቅ የእሳቸው ነበር። ሽብሩ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ያደታ የሚጨምረው ነገር ፈለገ፤ በልማዱ መጨረሻ ላይ የሚያስቅ ነገር ያክልበት ነበር። አልጨመረም። በመካከላቸው አልፎ ሄደ፣ ሰዉም መንገድ ለቀቀለት፤ እንደ ድሮው በአክብሮት ይሁን ወይስ እንደ ወለላ ኩባያ በመጸየፍ፣ ዞሮ አላየም።

ቤት ሲደርስ ቀለሟ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። በረቱ ባዶ ነው፤ ማሂና ባልደረቦቿ ቡሬን እንድትወገድ የወሰዷት ዓርብ ዕለት ነበር። ስልኩን አውጥቶ ጉቴ ደወለ።

«ተናገርኩ» አለ።

«ምን ብለው?» አለች ወለላ።

«እንዳለ።»

«ሳይጨምሩ?»

«ሳልጨምር።»

«ከቀነሱም እሰማለሁ» አለች። «ፌኔት ቅድም ደውላ ታለቅስ ነበር። ነገ ከኢቢሳ ጋር እንመጣለን። ድስቱን ግን እኔ ነኝ የምጥደው።»

«አንቺ ጣጂው።»

ከስልኩ ማዶ ትንሽ ግፊያ ተሰማ፤ ናኦሚ ስልኩን ከእናቷ ነጠቀች።

«አባ» አለች። «ቡሬ ደህና ናት?»

ያደታ ባዶውን በረት አየ። ድሮ ቢሆን ቡሬ ንጉሥ ጠርቷት ሄዳለች፣ በአውሮፕላን ወሰዷት ይላት ነበር። ምላሱ ላይ መጥቶለትም ነበር።

«የለችም የኔ ልጅ» አለ። «ታማ ነበር።»